ፓይን ቦንሳይ ከዘር፦ ሥሩ ከአፈር በላይ የወጣ ዛፍ አሠራር

ሥሩን አጋልጦ የቆመ ፓይን ያየ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ሥሩ ላይ ነው። በማሰሮ ውስጥ ትንሽ ሆኖ እንዲቀር የሚያድገውን ዛፍ ጃፓኖች ቦንሳይ ይሉታል፤ ሥሩ የተጋለጠውን ይህን ዓይነት ደግሞ ነአጋሪ። በተፈጥሮ የሚገኘው ነፋስ በሚበዛበት የባሕር ዳርቻና በገደል አፋፍ ነው። ነፋሱና ዝናቡ አፈሩን ቀስ በቀስ ከሥሩ ላይ ይጠርጉታል። ዛፉ ግን አይወድቅም። የተጋለጠው ሥር ቅርፊት ያወጣል፣ ይወፍራል፣ ከጊዜ በኋላ ከግንዱ አይለይም።

በጃፓን ካናዛዋ ከተማ፣ ኬንሮኩኤን በሚባለው የአትክልት ስፍራ ውስጥ 15 ሜትር ገደማ የሚረዝም ጥቁር ፓይን አለ። ከ40 የሚበልጡ ሥሮቹ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ወጥተው ግንዱን ተሸክመውታል። የአካባቢው 13ኛ ገዢ ማኤዳ ናሪያሱ ችግኙን በተከመረ አፈር ላይ ተክለው፣ እያደገ ሲሄድ አፈሩን እንዳስነሱለት ይነገራል። እኛም በማሰሮ የምንሠራው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ እንከምራለን፣ ከዚያ እንቀንሳለን።

ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ መቀነሱ ነው። እውነቱን ለመናገር መቀነሱ ቀላሉ ክፍል ነው። አፈሩ ሲነሳ የምታዩት ከዓመታት በፊት ከታች ያዘጋጃችሁትን ሥር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ያላሰባችሁበት ሥር፣ በኋላ ሲወጣ አያምርም። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ሥሩ ገና ተቀብሮ ሳለ ለሚሠራው ሥራ ነው።

ሁለት ነገር ላስቀድም። ፓይን የምለው ቀጭንና ረጅም ቅጠሉ ሁለት ሁለት ወይም አምስት አምስት እየሆነ ከአንድ ቦታ የሚወጣውን ዛፍ ነው፤ ጥድን አይመለከትም። ሌላው፣ ወር እየጠቀስኩ አልጽፍም። ብርዱና ሙቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጊዜውን ከዛፉ ላይ ማንበብ ይሻላል። እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር፣ ቀንበጡ ሲረዝም፣ አዲሱ ቅጠል ሲጠነክር፤ ምልክቶቻችን እነዚህ ናቸው።

የትኛው ፓይን?

ለጀማሪ የጃፓን ጥቁር ፓይን የሚያህል የለም። ጉልበተኛ ነው፣ ሥሩ ቶሎ ይወፍራል፣ ቅርፊቱም ከሌሎቹ ቀድሞ ይሰነጣጠቃል። ቀዩ የጃፓን ፓይን ለስለስ ያለ መልክ አለው፤ አያያዙ ከጥቁሩ ብዙም አይርቅም። ነጩ፣ ማለትም ባለ አምስት ቅጠሉ፣ በጣም ያምራል ግን ዘገምተኛ ነው። ትዕግሥት ካላችሁ ብቻ ግቡበት። ብርድ በሚጠነክርበት አገር የስኮትስ ፓይንም ጥሩ ምርጫ ነው።

ዘሩን ከዛፉ ራሳችሁ የምትለቅሙ ከሆነ፣ ኮኑ፣ ማለትም ዘሩን የያዘው ቅርፊታም ፍሬ፣ ቡናማ ሆኖ ግን ገና ሳይከፈት አውርዱት። ሞቅ ባለ ደረቅ ቦታ ስታስቀምጡት ይከፈትና ዘሩን ይለቃል። እያንዳንዱ ዘር ስስ ክንፍ አለው። በእጃችሁ አሸት አሸት ስታደርጉት ክንፉ ይለቃል። የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የዘንድሮ ዘር መሆኑን ጠይቁ፤ ዘር በቆየ ቁጥር የመብቀል አቅሙ ይወርዳል።

ጥቂት ዘር ይዛችሁ አትጀምሩ። አንዳንዱ አይበቅልም፣ አንዳንዱ በልጅነቱ ይሞታል፣ የአንዳንዱ ሥር ደግሞ አያምርም። 30 ወይም 40 ዘር ብትዘሩ በኋላ የመምረጥ ነፃነት ይኖራችኋል።

ዘሩን ማንቃት

የፓይን ዘር በቅዝቃዜ ያልፋል። ቀዝቃዛው ወቅት እንዳለፈ ካላወቀ ብዙው አይነቃም፤ የሚነቃውም እየተንጠባጠበ ነው የሚበቅለው። ይህን በፍሪጅ ማድረግ ይቻላል።

ዘሩን ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ወደ ታች የሰጠመው ጥሩው ነው። የሚንሳፈፈው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ከዚያ ውሃውን አጥልሉና ዘሩን እርጥበት ባለው ንጹሕ አሸዋ ወይም ሶፍት ውስጥ ጠቅልሉት። አሸዋውን ስትጨብጡት ውሃ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። በፌስታል አድርጉት፣ ትንሽ አየር ተዉለት፣ ከ1 እስከ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን የፍሪጅ ክፍል ውስጥ አስቀምጡት። በረዶ ቤቱ ውስጥ አይደለም። ለጥቁሩና ለቀዩ ፓይን ከ30 እስከ 60 ቀን ይበቃል። ነጩ 90 ቀን ያህል ይፈልጋል።

በየሳምንቱ ከፈት አድርጋችሁ እዩት። ሻጋታ ካያችሁ ዘሩን በንጹሕ ውሃ እጠቡና አሸዋውን ቀይሩ። ፍሪጅ ውስጥ እያለ ነጭ ጫፍ ብቅ ካለ ቀኑን አትጠብቁ፣ ወዲያው ዝሩ።

መዝራት

ከታች ቀዳዳ ያለው ዝርግ ሳጥን በቂ ነው። ከታች ሻካራ ጠጠር፣ ከላይ ደግሞ የተነፋ ንጹሕ ፐሚስ (ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ወይም የወንዝ አሸዋ አድርጉ። አሸዋው ዱቄት የሌለበት መሆን አለበት፤ በወንፊት ንፉት፣ እጠቡት። ኮምፖስትና ማዳበሪያ በዚህ ደረጃ አያስፈልግም። ዘሩ የራሱን ስንቅ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ኮምፖስቱ የሚመግበው ፈንገሱን ነው።

ዘሮቹን በ3 ሴንቲሜትር ርቀት አስቀምጡ፣ 1 ሴንቲሜትር ያህል ሸፍኑ፣ በደቃቅ ውሃ አርከፍክፉ። አካባቢው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ብቅ ብቅ ይላሉ። ወፍና አይጥ ይህን ዘር ስለሚወዱ ከላይ የሽቦ ወንፊት ጣሉበት።

የፓይን አበቃቀል ጎንበስ ብሎ ማየት ደስ ይላል። መጀመሪያ የሚወጣው እንደ ቅስት የታጠፈ ቀይ ግንድ ነው። ቀጥሎ ይቃናና የዘሩን ቅርፊት በአናቱ ይዞ ይቆማል። ቅርፊቱን ለመንቀል እጃችሁ ይበላችሁ ይሆናል። ተዉት። በግድ ሲነቀል ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ጫፋቸው አብሮ ይበጠሳል፣ ችግኙም አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። በራሱ ጊዜ ሲወድቅ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑ ቀጫጭን የዘር ቅጠሎች ዙሪያውን ይዘረጋሉ።

በእነዚህ ሳምንታት ዋናው ጠላት ችግኝ አውዳሚ ፈንገስ ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ላይ ይጠቁራል፣ ክር አክሎ ይቀጥናል፣ ችግኙም አንገቱን ጥሎ ይተኛል። የተኛውን ማዳን አይቻልም። ሌሎቹን ለማዳን የታመመውን በዙሪያው ካለው አሸዋ ጋር አንሱት። የቀረው መከላከል ነው። ነፋስ ያለበት ቦታ ላይ አስቀምጡ፣ ጠዋት ጠዋት አጠጡ፣ ላዩ ሳይደርቅ ድጋሚ አታጠጡ። በፕላስቲክ አፍኖ ማሞቅ በዚህ ጊዜ ጉዳቱ ያመዝናል።

በምላጭ የሚወሰን ነገር

ፓይን ከዘር ሲበቅል አንድ ዋና ሥር በቀጥታ ወደ ታች ይሰድዳል። እንዲያው ከተተወ ይህ ሥር ሌሎቹን ይበልጣቸዋል። ሲጋለጥ አንድ ወፍራምና ዙሪያውን ጥቂት ቀጫጭን ሥር ይሆናል። ለኛ የሚጠቅመን ከአንድ ቦታ የሚነሱ፣ ውፍረታቸው የሚቀራረብ ብዙ ሥሮች ናቸው።

ለዚህ የሚሠራበት ዘዴ ችግኙን በልጅነቱ ከሥሩ ቆርጦ እንደገና ሥር ማስወጣት ነው። ጊዜው ከበቀለ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ውስጥ፣ ግንዱ ቀላ ብሎ ጠንከር ማለት ሲጀምርና በዘር ቅጠሎቹ መሐል አዲስ ቅጠል ብቅ ሲል ነው። ችግኙን አውጡት። አዲስ ምላጭ ያዙ። ከዘር ቅጠሎቹ ሥር 2 ሴንቲሜትር ያህል ወርዳችሁ በአንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ቁርጡ ዘመም ካለ ሥሩ በዝቅተኛው ጎን ብቻ ይሰበሰባል። የተቆረጠውን ጫፍ ሥር ማስወጫ ሆርሞን አስነኩት። በስቴኪኒ ቀዳዳ አበጁና በእርጥብ ንጹሕ ፐሚስ ውስጥ 1 ሴንቲሜትር ያህል ትከሉት። ቀዳዳ ሳታበጁ ከገፋችሁት ሆርሞኑ ላዩ ላይ ተጠርጎ ይቀራል።

ከዚያ ጥላ ሥር፣ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ይቆይ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥር ያወጣል። በመሐሉ ለማየት ብላችሁ አትንቀሉ። መሐሉ ላይ አዲስ ቅጠል መጨመር ከጀመረ ሥር ይዟል ማለት ነው። ቀስ በቀስ ወደ ፀሐይ አውጡት።

የኔ ምክር ከችግኞቹ ግማሹን መቁረጥ፣ ግማሹን መተው ነው። የተቆረጡት እኩል የተሰራጨ ሥር ይሰጧችኋል። ካልተቆረጡት መሐል ደግሞ አንዳንዱ በራሱ ተጠማዞና ተቆላልፎ፣ ማንም አስቦ የማይሠራው ሥር ያወጣል። ነአጋሪ ላይ ያልተጠበቀ ቅርጽ ትልቅ ሀብት ነው።

ረጅሙን መትከያ ማዘጋጀት

ችግኞቹ አንድ የእድገት ወቅት ከጨረሱ በኋላ፣ ብርዱ ሲያልፍና እምቡጡ ማበጥ ሲጀምር፣ ወደ ዋናው ሥራ እንገባለን።

ሐሳቡ ይህ ነው። ላዩ ላይ ጠባብና ረጅም ቱቦ አለ፤ ውስጡ ምግብ የሌለው ሻካራ ጠጠር ነው። ታቹ ላይ ሰፊ ማሰሮ አለ፤ ውስጡ ደቃቅና ምግብ ያለው ድብልቅ ነው። ሥሩ በሻካራው ውስጥ ብዙ ሳይበታተን ውሃና ምግብ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። ታች ሲደርስ ይበዛል፣ ይሰራጫል። ታች በተሰራጨ ቁጥር ላይኛው ክፍል ይወፍራል። አንድን ሥር የሚያወፍረው ጫፉ ላይ ያለው እድገት ነው፤ ጫፉ ካልሠራ ላዩ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። የነአጋሪ ምሥጢር ካለ እዚህ ላይ ነው።

1. ባለ 1.5 ወይም ባለ 2 ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ከላይም ከታችም ቆርጣችሁ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር የሚረዝም ቱቦ አውጡ። ትንሽ ዛፍ ከፈለጋችሁ 15 ይበቃል።
2. ቱቦውን በአንድ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁትና በሽቦ መልሳችሁ ግጠሙት። በኋላ ሲከፈት ሥሩ አይጎዳም።
3. ጎኑን በጋለ ሚስማር እዚህም እዚያም ብሱት። አየር ይፈልጋል።
4. ሰፊውን ማሰሮ ቀዳዳው ላይ ወንፊት አንጥፋችሁ ሙሉት። ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር የሆነ ፐሚስ ወይም አካዳማ የሚባለው የጃፓን ሸክላ ጠጠር አራት እጅ፣ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት አንድ እጅ።
5. ቱቦውን በድብልቁ ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ያህል ቀብራችሁ አቁሙትና ከማሰሮው ጋር በሽቦ እሰሩት። ከተነቃነቀ ሥር ይበጥሳል።
6. ፕላስቲኩ ብርሃን የሚያስገባ ስለሆነ ዙሪያውን በጥቁር ላስቲክ ጠቅልሉት። ሥር ጨለማ ይወዳል። ላስቲኩን አልፎ አልፎ ገልጣችሁ ሥሩ የት እንደደረሰ ማየትም ትችላላችሁ።

ቱቦው ውስጥ የሚገባው ጠጠር ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ያለው ፐሚስ ወይም የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። ገና አትሙሉት።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ፓይን ከሥሩ ጋር ተጣምሮ የሚኖር ጠቃሚ ፈንገስ አለው፤ ጤነኛ የፓይን ማሰሮ ስትገለብጡ በሥሮቹ መሐል ነጭ ድር የሚመስል ነገር ታያላችሁ፣ እሱ ነው። ውሃና ማዕድን እንዲያገኝ ያግዘዋል። ከጤነኛ አሮጌ ፓይን ሥር አንድ እፍኝ አፈር አምጥታችሁ በታችኛው ማሰሮ ውስጥ ቀላቅሉ። ችግኝ አውዳሚው ፈንገስ የሚያሰጋው ጊዜ አልፏልና አሁን ችግር የለውም።

ሥሩን መደርደር

ይህን ሥራ ስትሠሩ ስልካችሁን አርቁ፣ ጊዜ ይኑራችሁ። ችግኙን አውጡና ጠጠሩን በውሃ አራግፉ። አንድ ዓመት የሆነው ፓይን ሥሩ ሙሉ በሙሉ ቢታጠብ ይችለዋል። ካረጀ በኋላ ግን ይህን አይችልም፤ ያኔ ሥሩን አጥቦ ማጽዳት ዛፉን ሊገድለው ይችላል። ሥሩን እየሠራችሁ ሳለ ደጋግማችሁ ውሃ እርጩበት። ለደቂቃዎች ቢደርቅ የሥሩ ጫፎች ይሞታሉ።

አሁን ሥሮቹን በጣታችሁና በወረንጦ ለዩ። ከ4 እስከ 7 የሚሆኑ ረጃጅምና ጠንካራ ሥሮችን ያዙ። አታሳጥሯቸው። ላይኛው ክፍል ላይ ካሉ ፀጉር መሰል ቅርንጫፎች ብዙዎቹን ቀንሱ፣ ጫፋቸው ላይ ያሉትን ግን አትንኩ። ከግንዱ ሌላ ቦታ ብቻውን የወጣ ሥር ካለ አሁን ማስወገዱ ይቀላል።

ሥሩን በቀጥታ ወደ ታች ካወረዳችሁት በኋላ ሲጋለጥ የጠረጴዛ እግር ይመስላል። ስለዚህ መታጠፊያ ስጡት። አንዱ መንገድ በቱቦው ውስጥ እንቁላል የሚያህሉ ድንጋዮችን በተለያየ ከፍታ እያስቀመጡ ሥሩን በዚያ ዙሪያ ማሳለፍ ነው። ድንጋዩ በኋላ ይወጣል፣ መታጠፊያው ይቀራል። ሌላው መንገድ ሁለት ወይም ሦስት ሥሮችን ላላ አድርጎ ማጠላለፍ ነው። የአንድ ዛፍ ሥሮች ተጣብቀው ሲቆዩ ከዓመታት በኋላ ይዋሐዳሉና ጠንካራ መሠረት ይሆናሉ። እንደ ሹሩባ አስተካክላችሁ አትጎንጉኑት። ሰው ሠራሽነቱ ዕድሜ ልኩን ይታያል። አንዱ ወደ ውጭ ይውጣ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ይጠጋ፣ በመሐላቸው ክፍተት ይኑር። ብርሃን የሚያልፍበት ክፍተት ዛፉን ያረጀ ያስመስለዋል።

ችግኙን በአንድ እጅ ከቱቦው አፍ ላይ ይዛችሁ በሌላው ጠጠሩን ጥቂት በጥቂት አፍስሱ። ድንጋዮቹን እያስገባችሁ ቀጥሉ። በቀጭን እንጨት ቀስ ብላችሁ እየነቀነቃችሁ ባዶ ቦታ እንዳይኖር አድርጉ። ሥሩ ማሰሮው ድረስ ባይደርስ አትጨነቁ፣ በራሱ ይደርሳል። መጨረሻ ላይ ግንዱን ከቱቦው ጋር በለስላሳ ገመድ ደግፉት። ከታች ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ድረስ አጠጡ።

የጥበቃው ዓመታት

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከነፋስና ከቀትር ፀሐይ ከለል ያለ ቦታ ይቀመጥ። አዲስ እድገት ሲታይ ሙሉ ፀሐይ ላይ አውጡት። ፓይን የጥላ ዛፍ አይደለም፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ አይሆንለትም።

ሻካራው ጠጠር ቶሎ ይደርቃል። በመጀመሪያው ዓመት ሥሩ ገና ቱቦው ውስጥ ስላለ ከላይ ሳታቋርጡ አጠጡ፣ በሙቀት ጊዜ በቀን ሁለቴም ቢሆን። ሥሩ ታች መድረሱን ስታረጋግጡ የላይኛውን ውሃ እየቀነሳችሁ የታችኛውን ማሰሮ ላይ አተኩሩ። ያኔ ሥሩ ወደ ታች የሚሄድበት ተጨማሪ ምክንያት ያገኛል። ማዳበሪያም የምትሰጡት ታችኛው ማሰሮ ላይ ነው። ከተከላችሁ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ በዝግታ የሚለቀቅ የተፈጥሮ ማዳበሪያ ጀምሩ፣ የእድገት ወቅቱ እስኪያልቅ ቀጥሉ።

ላዩ ይደግ። ቅርንጫፉን ቆርጦ ለማሳመር የሚያጓጓ ጊዜ ይመጣል፣ ግን አትቸኩሉ። ብዙ ቅጠል ማለት ብዙ ሥር ማለት ነው። አንድ ጠንካራ ቅርንጫፍ እንደልቡ ረዝሞ እንዲሄድ ተዉት፤ ግንዱንና ሥሩን የሚያወፍረው እሱ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ይቆረጣል።

ግንዱን ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ማጣመም አለባችሁ። ከዚያ በኋላ ይጠነክራል። ውፍረቱ የግንዱን ሲሶ የሚያህል የአሉሚኒየም ሽቦ በ45 ዲግሪ ገደማ ጠምጥሙና ጎብጥ ጎብጥ አድርጉት። የመጀመሪያውን ጉብጠት ከሥሩ መነሻ አጠገብ አድርጉት። ከጠማማ ሥር ላይ ቀጥ ያለ ግንድ ሲወጣ ሁለት የተለያዩ ዛፎች የተገጣጠሙ ይመስላል። በእድገት ወቅት ሽቦውን በየወሩ እዩ። ቅርፊቱን መንከስ ሊጀምር ሲል ቆርጣችሁ አውጡት፤ ጠምዝዛችሁ አትፍቱት።

የአዲሱን ቀንበጥ መቁረጥ፣ ቅጠሉን አሳጥሮ ቅርንጫፉን የሚያበዛው ዘዴ፣ ለዚህ ዕድሜ አይደለም። በጥቁሩና በቀዩ ፓይን ላይ ብቻ፣ ያውም የእድገት ወቅቱ ሊያልቅ 100 ቀን ገደማ ሲቀረው፣ ጠንካራና ቅርጹን በያዘ ዛፍ ላይ ይሠራል። ነጩ ፓይን በዓመት አንዴ ብቻ ቀንበጥ ስለሚያወጣ ይህ ይጎዳዋል።

ማጋለጥ

መቼ? ከታችኛው ማሰሮ ቀዳዳ ነጫጭ የሥር ጫፎች ሲወጡ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ቱቦው ውስጥ ከገባ ከ2 እስከ 3 ዓመት በኋላ ነው። ዛፉ ጤነኛ፣ ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀንበጡ ረጅም መሆን አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዘንድሮ ይለፈው።

እድገት ሲጀምር፣ ብርዱ ካለፈ በኋላና ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከቱቦው አናት 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ቁረጡ። ጠጠሩን በእንጨት ፈልቅቁና በቀስታ በሚወርድ ውሃ እጠቡ። የሚወጣው ሥር ሐመር ነው፣ ቆዳው ስስ ነው፣ በጥፍር ቢነካ ይላጣል። ገና ፀሐይ አላየም። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ስፋግነም በሚባለው፣ ውሃ በሚይዝ እርጥብ ሞስ (የረግረግ ሽበት) ሸፍኑት ወይም ጥላ አድርጉለት፤ ከዚያ ሽፋኑን ቀስ በቀስ አሳሱት። ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲዞርና ላዩ ሲሻክር ለብርሃን ተዘጋጅቷል። የተጋለጡትን ፀጉር መሰል ሥሮች በመቀስ ከሥራቸው ቁረጡ። ወፍራሞቹን አሁን አትቁረጡ፤ የቱ እንደሚያስፈልግ የሚታወቀው ሁሉም ሲወጣ ነው።

በአንድ የእድገት ወቅት አንድ ጊዜ፣ በጣም ጠንካራ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይበቃል። 20 ሴንቲሜትር ቱቦ ጨርሶ ለመውረድ ዓመታት ይፈጃል። ሁሉንም በአንድ ቀን መግለጥ የሚቻል ይመስላል፣ ዛፉም ወዲያው አይሞት ይሆናል። ግን ስሱ ሥር በፀሐይ ይቃጠላል፣ ዛፉም ለመቆም አቅም አይኖረውም። ከገለጣችሁ በኋላ ቅጠሉ ከደበዘዘ ወይም የሚቀጥለው ቀንበጥ ካጠረ አቁሙ። አንድ ዓመት ሙሉ አሳርፉት።

በዚህ ጊዜ ዛፉ መወዛወዝ ይጀምራል። በሥሮቹ መሐል ወደ ማሰሮው የሚወርድ ቀጭን እንጨት አስገቡና ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ራፊያ በሚባለው የዘንባባ ቃጫ እሰሩት። ሥሮቹ እንዲዋሐዱ የምትፈልጉበት ቦታ ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ሥሩ ገና የሚታጠፍ ከሆነ በሽቦ ማስተካከልም ይቻላል፤ ከቅርንጫፍ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ግን ሽቦውን በጨርቅ ጠቅልሉት። የደበቃችኋቸውን ድንጋዮች ስታገኙም ቶሎ አትጎትቷቸው። ከወጡ የሚወጡት ሥሩ ሲደነድን ነው፤ አንዱ በሥሮቹ ታቅፎ ካማረ ደግሞ እዚያው ቢቀር እኔ ደስ ይለኛል።

ወደ ቦንሳይ ሳህን ማዛወር

ሥሩ ሁሉ ወጥቶ በራሱ ሲቆም፣ እምቡጡ ሊያብጥ ሲል አዛውሩት። ታችኛውን ሥር ሲሶውን ያህል ብቻ አሳጥሩ። የቀድሞውን አፈር ሙሉ በሙሉ አታራግፉ፤ ግማሹን ትታችሁ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላውን ትቀይራላችሁ። መጀመሪያ ተራ የማሳደጊያ ማሰሮ፣ ቀጥሎ የቦንሳይ ሳህን ቢሆን ይሻላል። ለዚህ ዓይነት ዛፍ ዝርግና ሰፊ ሳህን አይስማማም። ትንሽ፣ ክብ ወይም አራት ማዕዘን፣ ጠለቅ ያለ ሳህን ሥሩን ያጎላዋል። ዛፉን በሳህኑ ቀዳዳ በሚያልፍ ሽቦ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ክብደቱ ከላይ ስለሆነ ሳይታሰር አይቆምም።

በዚያ ዓመት ቀንበጥ አይቆረጥ፣ ሽቦ አይጠምጠም። ወፍራሞቹን ሥሮች ለመምረጥም የሚመቸው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ ሳህኑን ዓይናችሁ ልክ አስቀምጡና ዙሪያውን እዩት። መሐሉን የሚዘጋ፣ ሌላውን በአስቀያሚ ሁኔታ የሚያቋርጥ ሥር ካለ መጀመሪያ በወረቀት ጋርዱት። ያለሱ ዛፉ ካማረ ቁረጡት። ግን በአንድ ዓመት ከአንድ ሥር በላይ አትቁረጡ። እያንዳንዱ ሥር የሚመግበው የራሱ ቅርንጫፍ ሊኖረው ይችላልና ከላይ የሆነ ነገር ይደርቅ እንደሆነ ተከታተሉ።

ቅርፊቱ በደንብ ለመሰነጣጠቅ ከዘሩ ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። እስከዚያ የተጋለጠውን ሥር በብሩሽ አትፈትጉት። አረንጓዴ ሽበት ከያዘው በለስላሳ ጥርስ ብሩሽና በውሃ ብቻ አንሱት። ስታጠጡም ውሃውን ከላይ አታውርዱበት፤ አፈሩ ላይ አፍስሱ።